ሽማግሌ የጨረሰው ፍቺ ጠበቃ ያስፈልገዋል ወይ?

ጥያቄውን የላከችው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር እህት ናት። ረዘም ያለ ስለነበር አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ከባለቤቴ ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተን 11 ዓመት ኖረናል። ሁለት ልጆች አሉን። አሁን ልንለያይ ተስማምተናል፤ ሽማግሌዎች ገብተው ንብረቱንም ከፋፍለው ጨርሰዋል። ሳቢያን ያለው ቤት ካርታው በሱ ስም ስለሆነና ቦታውንም ሳንጋባ ስለገዛው ለሱ፤ ታይዋን ገበያ ያለው ሱቅ ንግድ ፈቃዱ የሱ ስለሆነ ለሱ፤ ባጃጇና የቤት ዕቃው ለኔ፤ ልጆቹ ከኔ ጋር። ከወንድሙ የተበደረው 600,000 ብር አለ ተብሎ ዕዳውን እሱ ችሎታል። ወረቀቱ ተጽፎ የኔን ፊርማ ነው የሚጠብቀው። እስከዚያ ሐረር እናቴ ጋ እንድሄድ ተነግሮኛል። ወንድሜ ጠበቃ ማለት ነገር ማስረዘም ነው፣ ያለችሽንም ብር ይበላብሻል ይለኛል። እውነት ጠበቃ ያስፈልገኛል ወይስ ፈርሜ ልገላገል?»

እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱ መባባል አይሆንልንምና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ለመፋታት ብቻ ከሆነ ጠበቃ አያስፈልግሽም። ያንን ወረቀት ለመፈረም ግን ያስፈልግሻል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ወንድምሽም አንድ ላይ ስላያያዟቸው ነው ግራ የገባሽ።

ከፍቺው ልጀምር። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ አዲስ አበባም እንደዚሁ። (ሐረር የምትኖሩ ልብ በሉ፣ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ፍርድ ቤቱም አዋጁም ይለያል።) በዚህ ሕግ ተስማምታችሁም ሆነ አንዳችሁ ብቻ ጠይቃችሁ መፋታት ትችላላችሁ። ለምን እንደምትፋቺ የመናገር ግዴታ እንኳ የለብሽም። ዳኛው ሁለታችሁንም አንድ ላይና ለየብቻ ያነጋግራል፣ እንድትታረቁ ይመክራል፣ ካስፈለገ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ካልሆነ ፍቺው ይወሰናል። በቤተ ክርስቲያን ተጋባችሁ፣ በኒካህ ተጋባችሁ፣ በማዘጋጃ ቤት ተጋባችሁ፣ በሕጉ ፊት የትዳሩ ውጤት አንድ ነው። ዳኛው ሲያነጋግርሽ የምትመልሺው ራስሽ ነሽ፣ ጠበቃ ስላንቺ ስሜት አይናገርም። ፍቺውን ራሱን የሚከለክልሽ ሰው የለም፣ ለሱ ብር አታውጪ።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ክፉ አላወራም። በኛ አገር ሽማግሌ ገብቶ ያዳነው ትዳር ብዙ ነው፣ ሲለያዩም ሳይዋረዱና ሳይደባደቡ እንዲለያዩ ያደረገ ሽማግሌ ብዙ ነው። ሕጉም ቢሆን ፍርድ ቤት ባልና ሚስትን በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል ታረቁ ብሎ እንዲልክ ይፈቅዳል። ግን ትዳር ማፍረስ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ድሮ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ፣ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ፤ የብዙ ትልልቅ ሰዎች ልማድ እዚያው ላይ እንደቆመ ነው። አሁን ያ ሥልጣን የለም። እና ሽማግሌዎችሽ «ጨርሰነዋል» ሲሉ በሕግ ዓይን የጨረሱት ነገር የለም ማለት ነው።

ወረቀቱስ? እዚህ ጋ በደንብ አንብቢኝ። በሕጉ አንቀጽ 73 መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እያሉ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም። ይሄን ሲሰሙ «እንግዲያው ልፈርምና በኋላ አፈርሰዋለሁ» የሚሉ አሉ። በጭራሽ እንዳታደርጊው። ምክንያቱም ያ ወረቀት ሽማግሌ ቤት አይቀርም፤ የሚጻፈው ፍርድ ቤት ቀርቦ የስምምነት ፍቺ ተብሎ እንዲጸድቅ ነው። ዳኛው «ወደሽ ፈቅደሽ ነው?» ይልሻል፣ ሽማግሌዎቹ ውጭ ቆመዋል፣ ባለቤትሽ አጠገብሽ ነው፣ አንቺ ደክሞሻል፣ «አዎ» ትያለሽ። ጸደቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ ለማፍረስ ተገደድኩ ወይም ተታለልኩ ብለሽ ማስረዳት ይጠበቅብሻል፣ ያ ደግሞ በጣም ከባድ ነው። ዳኛው የልጆቹን ጉዳይ አይቶ ያስተካክል ይሆናል፤ የቤቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ እንዳለ፣ ብድሩ እውነት ይሁን ውሸት ግን ካልነገርሽው በምን ያውቃል? ወረቀቱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትገባ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የንብረት ጥያቄ የለኝም» የምትል። ፈልጊያት፣ ትኖራለች። እሷ ናት ሁሉንም በር የምትዘጋው።

ስለዚህ ጠበቃ የሚያስፈልግሽ አሁን፣ ከፊርማው በፊት ነው። ብዙ ሴቶች፣ አንዳንድ ወንዶችም፣ ወደኔ፣ ወደ ጠበቃው፣ የሚመጡት ግን ከጸደቀ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ሰምቼ ከማዘን በቀር ብዙ ላደርግላቸው የምችለው ነገር የለም። ይሄን ሁሉ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

አሁን ክፍፍሉን እንየው።

ካርታው በሱ ስም መሆኑ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አንቀጽ 63 በግልጽ ይላል፤ ንብረቱ በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ እሱ ላይ ነው። የጋራ ንብረት ደግሞ ተዋውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር እኩል ነው የሚካፈለው። ሥራ ነበረሽ፣ ቤት ነበርሽ፣ ብር አመጣሽ አላመጣሽ አይጠየቅም። «እሷ ቤት ቁጭ ብላ እኔ ለፍቼ» የሚለው ንግግር ሽማግሌ ፊት ያስኬድ ይሆናል፣ ችሎት ፊት አያስኬድም።

«ቦታውን ሳንጋባ ገዛሁት» የሚለው ግን ቁም ነገር ስላለው ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በስጦታና በውርስ የመጣ ንብረት የግል ነው። ታዲያ ቦታውን ስንት ዓመተ ምህረት ገዛው? ውሉ የታል? የከተማችንን ነገር ታውቂያለሽ፤ ስንቱ ቦታ በመንደር ውል ተገዝቶ ካርታው ከዓመታት በኋላ ነው የወጣው። ካርታው ሲወጣ ተጋብታችሁ ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱ መቼ ተሠራ? የቤቱ ግንባታ በትዳራችሁ ውስጥ ከሆነ የተሠራበት ብር ከሱቁ ገቢ፣ ከእቁብ፣ ከደመወዝ የመጣ ነው፤ በትዳር ውስጥ የሚገኝ ገቢ ሁሉ፣ ከግል ንብረት የሚገኝ ኪራይ እንኳን ሳይቀር፣ የጋራ ነው። እና ክርክሩ «ቦታው የማነው» ከሚለው ወጥቶ «ቤቱን ማን፣ መቼ፣ በምን ብር ሠራው» ወደሚለው ይሄዳል። ይሄኔ የግንባታ ፈቃዱ ቀን፣ የብሎኬትና የሲሚንቶ ደረሰኝ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ግድግዳውን ያቆመው ግንበኛ፣ ሲሠራ ያዩ ጎረቤቶች፣ አንቺ ለሠራተኞቹ ምሳ ስትወስጂ ያየሽ ሰው ሁሉ ማስረጃ ነው። ሌላም አለ። «ከመጋባታችን በፊት የነበረኝን መኪና ሸጬ ነው የሠራሁት» ቢልሽ፣ በግል ንብረት የተለወጠ ንብረት በራሱ ጊዜ የግል አይሆንም፤ ጠይቆ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ መወሰን አለበት፣ አንቀጽ 58 ነው። ይሄን ሽማግሌዎችሽ ነግረውሻል? አይመስለኝም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ሥራቸው ስላልሆነ ነው።

ውጤቱን አሁን ልነግርሽ አልችልም፣ ወረቀቶቹን ሳላይ ሙሉ ቤቱ ያንቺም ነው ብል ዋሽቼሻለሁ። ግን «ካርታው የሱ ነው፣ አለቀ» የሚለው ውሸት እንደሆነ እርግጠኛ ሁኚ።

ሱቁ ላይም ያው ነው። ንግድ ፈቃድ በአንድ ሰው ስም መውጣቱ የተለመደ ነው፣ ንብረቱን የግል አያደርገውም። የሱቅ ችግር ሌላ ነው፤ ቤት አይነሳም፣ ዕቃ ግን በአንድ ሌሊት ይነሳል። ታይዋን ላይ ሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ የሞላው ሱቅ ጠዋት ስትሄጂ መደርደሪያው ብቻ ሊቀር ይችላል፣ «ኪሳራ ነው» ትባያለሽ። ጠበቃ እዚህ ላይ የሚሠራው ዋና ሥራ ቶሎ እግድ መጠየቅ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ አንቀጽ 154፣ ንብረት ሊሸጥ፣ ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ ነው ሲባል ፍርድ ቤት እንዲያግድ ይፈቅዳል። ቤቱ ስም እንዳይዛወር ለመሬት አስተዳደሩ ይጻፋል፣ ባጃጇ እንዳትሸጥ ለትራንስፖርት ይጻፋል፣ የባንክ ሂሳብ ይታገዳል፣ የሱቁ ዕቃ እንዲቆጠር ይጠየቃል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ አቤቱታው በትክክል ከተጻፈና ማስረጃ ከተያያዘበት። ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ ከሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች መካከል ጥሩ ጥሩ ሰዎች አሉ፣ ግን የነገርሻቸውን ነው የሚጽፉት፤ እግድ መጠየቅ እንዳለብሽ ካላወቅሽ አይጻፍልሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለባለቤትሽ ውክልና ሰጥተሽው ታውቂያለሽ? ለባንክ፣ ለመብራት፣ ለምንም ይሁን። ካለ ዛሬ ነገ ሳትይ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደሽ ሻሪው። የጋራ ቤት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ውክልናው ካለው ግን ያንቺን ስምምነት ይዞ ነው የሚዞረው።

አሁን ወደ 600,000 ብሩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሲነገርሽ ውለታ ይመስላል፤ «ዕዳውን ቻለልሽ»። ሒሳቡን ግን ተመልከቺው። ዕዳው ሲደመር የሱ ድርሻ ይቀንስና ቤትና ሱቅ ከአንዲት ባጃጅ ጋር እኩል የሆነ ይመስላል። ብድሩ መኖሩን ማን አየ? ውል አለ? በባንክ ተላልፏል? መቼ? ለምን ዋለ? በአንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ መበደር የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል (ቁጥሩ ዛሬ ያስቃል፣ ሕጉ የወጣበትን ጊዜ አስቢው)። ሳያማክርሽ የገባበትን ግዴታ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው መጠየቅ ትችያለሽ፣ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ በማንኛውም ሁኔታ ግዴታው ከተገባ ከ2 ዓመት በኋላ አይቻልም። ቀኑን የሚቆጥርልሽ ሰው ካላገኘሽ ያልፍሻል። ለቤት ሽያጭም ያው ጊዜ ነው የሚሠራው።

ሌላው የዕዳ ጉድ ይሄ ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ዕዳውን እሱ ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍ እናንተን ሁለታችሁን እንጂ አበዳሪውን አያስርም። ብድሩ ለቤተሰቡ ጥቅም የዋለ ነው ከተባለ ሁለታችሁም በአንድነትም በተናጠልም ትጠየቃላችሁ፤ አበዳሪው ነገ መጥቶ አንቺን ሊከስ ይችላል። ቤቱን ለቀሽ፣ ዕዳው ግን ተከትሎሽ ሐረር ይገባል። ባሰ ሲል ደግሞ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ዘመድ ባልየውን ለብቻው ይከሰዋል፣ ባልየው «አዎ ተበድሬያለሁ» ብሎ ያምናል፣ ፍርድ ይሰጣል፣ በአፈጻጸም የጋራው ቤት ይያዛል። ሚስት የምትሰማው የሐራጅ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ነው። ለዚህም መድኃኒት አለው፤ በክርክሩ ያልተካፈለ ሰው መብቱን የሚነካ ፍርድ ሲሰጥበት በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መቃወሚያ ያቀርባል። ግን ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መድረስ አለበት። ባለቤትሽ ይሄን ያደርጋል እያልኩሽ አይደለም፣ አላውቀውም፤ ብድሩ እውነት ሊሆንም ይችላል። እውነት ከሆነ ደረሰኙን ማሳየት አይከብደውም።

ባጃጇንም እናንሳት እስቲ። ሊብሬው በማን ስም ነው? የብድር ቀሪ አለባት? ባጃጅ በየዓመቱ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ሳቢያን ያለ ቤት ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። የተሰጠሽን ነገር ከምትቀበዪ በፊት ሁሉም ነገር ዛሬ በገበያ ስንት ያወጣል የሚለው በባለሙያ ይገመት። ቤት ለሁለት አይሰነጠቅምና ብዙ ጊዜ የሚሆነው አንደኛው የሌላኛውን ድርሻ ግምት ከፍሎ ማስቀረት ነው፤ ካልተስማማችሁ ተሸጦ ብሩ ይካፈላል። ቤቱን እሱ ማስቀረት ከፈለገ ይሁን፣ ግማሹን ይክፈልሽ። ይሄን ማለት ጠብ አይደለም። ለሠርግሽ የተሰጠሽ ወርቅ ደግሞ ለአንቺ የተሰጠ ስጦታ ከሆነ የግልሽ ነው፣ ክፍፍል ውስጥ አይገባም፤ የሠርጉን ቪዲዮና ፎቶ አስቀምጪ።

ሐረር ሂጂ መባልሽስ? በአሁኑ ሕግ ቤት ጥለሽ ብትወጪ ድርሻሽን አታጪም። በአሮጌው ሕግ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከንብረቱ ሊቀነስበት ይችል ስለነበር ነው ሰው እስካሁን «ወጣች፣ ስለዚህ የላትም» የሚለው። አሁን ጥፋት የሚታየው ለጉዳት ካሳ እንጂ ለንብረት ድርሻ አይደለም። ግን አልሄድም በዪ እልሻለሁ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ የሚማሩት ድሬ ነው፣ አንቺ ደንገጎን አቋርጠሽ ስትሄጂ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያይልሽ የለም። የፍቺ ጥያቄ እንደቀረበ ወዲያው ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ንብረቱን ማን እንደሚያስተዳድር ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት አለበት፣ አንቀጽ 82። ከሁለታችሁ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበትም ዳኛው የልጆቹን ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው አይቶ ነው የሚወስነው። አብዛኛው ሰው ይሄን ትእዛዝ መጠየቅ እንደሚችል ስለማያውቅ ክርክሩ እስኪያልቅ ወራት ያለ ቀለብ ይቆያል። ከዚያ ሲደክመው የተሰጠውን ይቀበላል። ብዙ ፍቺ የሚሸነፈው በዚህ መንገድ ነው፣ በሕግ ሳይሆን በድካም።

አንድ ነገር ግን፣ ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ይሄን ምክር እርሺው። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ፣ የሕክምና ማስረጃ ያዢ። ወረቀት በኋላ ይፈለጋል።

የልጆቹ ጉዳይ ወረቀቱ ላይ «ከእሷ ጋር» ብቻ ተብሎ ያለፈው አሳስቦኛል። ቀለብስ? የትምህርት ቤት ክፍያስ? ሲታመሙስ? አባታቸው መቼ ነው የሚያያቸው? ቀለብ የልጆቹ መብት ነው፣ አንቺ «አልፈልግም» ብለሽ ልትተዪላቸው አትችዪም። መጠኑ የሚወሰነው በሱ አቅምና በነሱ ፍላጎት ነው፤ ነጋዴ ሲሆን ደግሞ «ገቢዬ ትንሽ ነው» ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ የሱቁን የግብር መረጃ ከገቢዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ያስፈልጋል። «ቤቱን ልቀቂ፣ ልጆቹን እተውልሻለሁ» የሚል ድርድር ከሰማሽ ደግሞ አትደንግጪ። ልጆቹ ከማን ጋር ይሁኑ የሚለውን ፍርድ ቤት የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ጤና፣ አኗኗርና የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ ነው። ቤት ስለለቀቅሽ የሚሰጥሽ፣ ስላልለቀቅሽ የሚነጠቅሽ ነገር አይደሉም።

ሙስሊም ለሆናችሁ አንባቢዎች በአጭሩ። ድሬዳዋ የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፣ እዚያ መሄድ ሙሉ መብታችሁ ነው፤ ግን ሁለቱም ወገን ሲፈቅድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ይሄንኑ ይላል። መጥሪያ ደርሷችሁ ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ ዝምታችሁ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ካልፈለጋችሁ ቀርባችሁ «አልፈቅድም» በሉ። የት እንደምትዳኙ ከመምረጣችሁ በፊት ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋገሩ፣ ከመረጣችሁ በኋላ መመለሱ ቀላል አይደለም።

አሁን ወንድምሽ ወዳለው ልምጣ። ወንድምሽ ስለሚያስብልሽ ነው፣ ያለውም ነገር መሠረት አለው። ነገር የሚያራግቡ ጠበቆች አሉ። መጀመሪያ ቀን «እናሸንፋለን፣ ቤቱን ሙሉ አመጣልሻለሁ» ካለሽ ሌላ ፈልጊ። ወረቀት ሳያይ ቃል የሚገባ፣ ባልሽን የሚሰድብልሽ፣ የክፍያ ውል በጽሑፍ የማይሰጥሽ ሰው አይሁንብሽ። ጥሩ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሁለተኛ የሚጠይቅሽ «ምን ቢሆን ትስማሚያለሽ?» ብሎ ነው። እኔ ራሴ የያዝኳቸው አብዛኞቹ የፍቺ ጉዳዮች ያለቁት በስምምነት ነው፤ ሁለቱም ያላቸውን አውቀው ስለተስማሙ ስምምነቱ ይጸናል። ጠበቃ መያዝ መክሰስ ማለት አይደለም። አንዳንዴ ሥራው ሽማግሌዎቹ ያወጡትን ወረቀት አንብቦ ሦስት መስመር ማስተካከል ብቻ ነው።

ልጅም ንብረትም የሌላቸው፣ ዕዳ የሌለባቸው፣ በሰላም የሚለያዩ ሰዎች ቢጠይቁኝ ጠበቃ አትያዙ ነው የምላቸው። አንቺ ግን ቤት፣ ሱቅ፣ ዕዳና ሁለት ልጆች ያሉበት ጉዳይ ነው የያዝሽው።

ጠበቃ ስትፈልጊ ፈቃዱን ጠይቂ፣ ነውር አይደለም። ድሬዳዋ የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ የፌደራል ፈቃድ ያለው ያስፈልግሻል። ሐረር ያሉ ዘመዶችሽ ጎበዝ ጠበቃ ያውቁ ይሆናል፤ የክልል ፈቃድ ብቻ ካለው እዚህ ችሎት መቆም አይችልም። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ አጠገብሽ እንዳይደርስ። ክፍያው ለምክር ብቻ ነው? ስምምነት ለማርቀቅ ነው? እስከ ፍርድ ነው? አፈጻጸምና ይግባኝ ይጨምራል? አስጽፈሽ ያዢ።

ብር ከሌለሽ ደግሞ እቤት አትቅሪ። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል፣ የሴቶችን ጉዳይ የሚከታተለው የአስተዳደሩ ቢሮም የት እንደምትሄጂ ያሳይሻል። እኛ ጠበቆችም በነጻ የማገልገል ግዴታ በሕግ አለብን፣ መጠየቅ ልመና አይደለም። የዳኝነት መክፈያ ካጣሽም አቅም እንደሌለሽ በቃለ መሐላ አረጋግጠሽ በድሃ ደንብ መክሰስ ትችያለሽ።

ለሽማግሌዎቹ ምን ልበል ትይኝ ይሆናል። በአክብሮት «አባቶቼ፣ አመሰግናለሁ፣ ለሚያውቅ ሰው አስነብቤ እመለሳለሁ» በያቸው። የወረቀቱን ኮፒ ተቀበዪ፤ ኮፒ አንሰጥም ካሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ እሱንም ከከለከሉሽ አትፈርሚ። ሰኞ ጠበቃ ጋ ስትሄጂ የጋብቻ ወረቀትሽን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የካርታውንና የግንባታ ፈቃዱን ፎቶ፣ የሱቁን ንግድ ፈቃድና የኪራይ ውል፣ የባጃጇን ሊብሬ፣ የምታውቂያቸውን የባንክ ሂሳቦች፣ የእቁብ ደብተር ካለም እሱን፣ ቤቱ ሲሠራ የነበሩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይዘሽ ሂጂ። ያላገኘሽው ካለ የት እንዳለ ጻፊ፣ ፍርድ ቤት ያስቀርበዋል። የተጻፉልሽ የስልክ መልእክቶች ካሉ አታጥፊ። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ ጠበቃው የሚለውን በጆሮው ይስማ።